ስም የማይጠየቅበት ማኅበር

በዚያ ማኅበር ውስጥ ትልቁ ነውር ሰውን ስሙን መጠየቅ ነበር። ዕድሜ ይጠየቃል፣ ደመወዝ ይጠየቃል፣ ማን ከማን እንደተጣላና ማን የማንን ፍቅረኛ እንደቀማ በሾርባው ላይ በግልጽ ይወራል። ስም ግን አይነካም። አዲስ የመጣ ሰው ባለማወቅ "ለመሆኑ እውነተኛ ስምህ ማነው?" ያለ እንደሆነ፣ ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ አንድ ላይ ሳህኑ ላይ ያቀረቅራል።

ደንቡን ያወጣው ፉ ሊያን ነው። በቼንግዱ ከተማ፣ ዩሊን በሚባለው ሰፈር፣ በሥጋ የተሞላ የሊጥ ጥቅል በሾርባ የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ቤት አለችው። በአዘቦቱ የሰፈሩ ሰው ይበላባታል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ወንድ የሚወዱ ወንዶችና ሴት የሚወዱ ሴቶች ለቤተሰባቸው "ማጆንግ ልጫወት" ብለው ወጥተው ይሰበሰቡባታል። የንግድ ፈቃዱ በደንቡ መሠረት ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል፣ ከሁሉም መካከል ሙሉ ስሙ የሚታወቀው የእሱ ብቻ ነበር። እነሱ ግን በዚያ ስም ጠርተውት አያውቁም፤ "ጋሼ ሾርባ" ነው የሚሉት። እሱም ለእያንዳንዱ ቅጽል እያወጣ ሰይሟቸዋል። "የማታውቀውን ስም ቢገርፉህም አታወጣም" ይል ነበር፣ እንደ ትልቅ ጥበብ። ለዘጠኝ ዓመት ያህል እውነትም ትልቅ ጥበብ መስሎ ቆየ።

ዝንጅብልንም የሰየማት እሱ ነው። ለመማሪያ መጻሕፍት ድምፅ የምትቀርጽ፣ ወፍራም ድምፅና ቀጭን ትዕግሥት ያላት ልጅ ነበረች። የመጀመሪያ ቀን የመጣች ጊዜ ሾርባው ውስጥ ያለውን ዝንጅብል አንድ በአንድ በመብያ እንጨቷ እየለቀመች የሳህኑ ከንፈር ላይ ደረደረችው። ትንሿን ቁራጭ እንኳ አላለፈችም። የቤቱ ሰው ሁሉ መብላቱን ትቶ ያያት ጀመር። "ምነው፣ ሾርባዬን ትመረምሪያለሽ እንዴ?" አላት ፉ ሊያን። እሷም ቀና ሳትል፣ ዝንጅብል የሚበዛበት ሾርባ ሥጋው የሚደብቀው ነገር አለው ማለት ነው አለችው። ሰዉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ስሟም ያን ቀን ወጣ።

የፌስቲቫሉ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ሰልፍ አይፈቀድም፤ ሩጫን ግን ማን ይከለክላል? ስለዚህ በየዓመቱ በፀደይ የወንዙን ዳር ይዘው ይሮጣሉ። በስድስት ይከፈሉና እያንዳንዱ ቡድን አንድ ቀለም ካናቴራ ይለብሳል። ለብቻው የሚሮጥ ቀይ ካናቴራ የለበሰ ሰው፣ ቀይ ካናቴራ የለበሰ ሰው ነው፤ ማንም ምንም አይለውም። መጨረሻው ላይ፣ ከድልድዩ ሥር፣ ቀዩ ከብርቱካናማው፣ ቢጫው ከአረንጓዴው ጎን እየተጠጋ ሲቆም ነው ቀስተ ደመና የሚሆኑት። ያኔ ትልቁ ባንዲራ ከቦርሳ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ባንዲራው ይታጠፋል፣ ሁሉም ወደ ምሳው ይሄዳል። ያቺ ፎቶ እስክትነሳ ያለችው ጊዜ ናት የዓመቱ በዓል። ከሩቅ አውራጃ ሚስቱን ዋሽቶ የሚመጣ አንድ መካኒክ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ጥርሱ የማይታይ ሰው፣ ከድልድዩ ሥር ሲቆም አፉ አይገጥምም ነበር።

የሰፈሩ ፖሊስ ኳንግ ይህን ሁሉ ያውቃል። ኳንግ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ይፈሩት ነበር፣ ቢፈሩት ይጠነቀቁት ነበር። ይልቅ ገብቶ ይቀመጣል፣ በርበሬ አስጨምሮ ይበላል፣ ላቡን እየጠረገ ይመክራል።

"ሩጡ፣ ሳቁ፣ ተቃቀፉ፤ እኔ ምን አገባኝ" ይላል። "ጽሑፍ ግን እንዳላይ። ጽሑፍ ካየሁ ማንበብ አለብኝ፤ ካነበብኩ ደግሞ ለአለቃዬ ማስነበብ አለብኝ። ስለዚህ ጋሼ ሾርባ፣ አታስነብበኝ።"

ከዚህ ምክር ነው "ዙሪት" የሚሉት ነገር የመጣው። ሩጫው ሊጀመር ሲል እያንዳንዱ ሯጭ ፉ ሊያን ፊት መጥቶ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አንዴ ይዞራል። እሱ ደረቱን ያያል፣ ጀርባውን ያያል፣ ጽሑፍ ከሌለ ትከሻውን መታ አድርጎ ያሳልፈዋል። ሰው ሲባል ነውሩን ሁሉ ወደ ጨዋታ ያዞራልና፣ ዙሪቱም የበዓሉ ወግ ሆነ። ወንዶቹ እንደ ሙሽራ ዳሌያቸውን እየሰበቁ "ጋሼ፣ ዘንድሮ ወገቤ እንዴት ነው?" ይሉታል፤ እሱም "እንደ ዱቄት ጆንያ" ይላቸዋል፤ በዚያ ሳቅ ውስጥ ፍተሻ መሆኑ ይረሳል። መጀመሪያ መፈክር ብቻ ነበር የሚከለክለው። ከዚያ ደረት ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ አርማዎችን። ከዚያ "ፍቅር" የሚለውን ቃል። በመጨረሻ ማንም ሳይጠይቀው የአንዱን ልጅ የክንድ ንቅሳት በቁስል ፕላስተር ሸፈነው። ኳንግ አንድ ሲከለክል እሱ ሁለት ይከለክላል። "ሳይቃጠል በቅጠል ነው" ይላል። ቅጠሉ ግን በየዓመቱ እየበዛ፣ የሚቃጠለው ነገር ጭራሽ ከሥሩ ጠፍቶ እንደነበር አላስተዋለም።

ጓንት የሚሏት ልጅ የጠፋችው ከመጨረሻው ሩጫ በፊት ባለው መኸር ነው። ፋብሪካ ውስጥ እጃቸው ለተቆረጠባቸው ሴቶች አቤቱታ የምትጽፍ፣ ለሌሎቹ ሠራተኞችም እየዞረች ጓንት የምታድል ነበረች። በሩጫው አረንጓዴ ነበር የምትለብሰው፤ ዝንጅብል ደግሞ ቢጫ። ቢጫው ሲያልቅ አረንጓዴው ስለሚጀምር፣ ፎቶው ላይ በየዓመቱ ጎን ለጎን ናቸው። ፍቅረኛሞች ነበሩ አይባልም፤ አልነበሩም ብሎ የሚምልም የለም። አንድ ሳምንት ጓንት ቀረች፣ በሁለተኛው ስልኳ ተዘጋ፣ በሦስተኛው ከፋብሪካዎቹ አካባቢ ሰዎች መታፈሳቸው ተሰማ። ጠረጴዛው ላይ ስለ እሷ መነሳቱ እየቀነሰ ሄደ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

የብርዱ ወራት ሊወጣ ሲል፣ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ዝንጅብል መጣች። ፉ ሊያን ሽንኩርት እየከተፈ ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው" አለችው።

"ዝንጅብሉን አልቀንስልሽም።"

አልሳቀችም። "አረንጓዴዎቹ ሲደረደሩ የጓንትን ቦታ ክፍት እንተወው። የአንድ ሰው ቦታ ብቻ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ቢላዋውን አቆመ። "ሰው ያየዋል።"

"ምኑን ነው የሚያየው? ባዶ ቦታ እኮ ነው። ጽሑፍ የለው፣ ድምፅ የለው።"

"የማን ቦታ ነው ብሎ ይጠይቃል።"

"እንዲጠይቅ እኮ ነው ጋሼ።"

"እኔም እምቢ የምልሽ ለዚሁ ነው" አላት።

ከዚያ ብዙ ተነጋገሩ። እሱ ስለ መካኒኩ ነገራት፤ በዓሉ ከመጀመሩ በፊት ከድልድዩ ላይ ራሱን ስለወረወረው ልጅም ነገራት። ያቺ አንዲት ቀን ባትኖር የሚሞት ሰው አለ፣ የአንዲት ሴት ጉዳይ ብለን የመቶ ሰው መተንፈሻ አንዘጋም፣ ሩጫው ፖለቲካ አይደለም አላት። ከልቡ ነበር፤ አልዋሸም። ውሸታም ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለ። እሷ ሰምታ ሰምታ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ እንደነበር ነገረችው። ማንን ነው የምትፈልጊው ሲሏት ዝም ብላ መውጣቷን።

"ሦስት ዓመት ካንድ ሳህን በልተን ስሟን አላውቅም" አለች። "የአንተ ደንብ ነው ይሄ።"

"ደንቡ ነው እስከ ዛሬ ያቆየን።"

"እሷን የት አቆያት?"

ሾርባ ቀድቶ አቀረበላት። ዝንጅብሉን ለቅማ ደረደረች፣ ሾርባውን ጠጣች፣ አመስግና ወጣች። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቷን ተወች። በእነዚያ ሳምንታት የት እንደነበረች ፉ ሊያን ያወቀው በኋላ ነው። ጓንት የታደለባቸውን ፋብሪካዎች እየዞረች፣ ጣት የሌላቸውን ሴቶች እየጠየቀች፣ አንዲቷ ከሌላይቱ እየመራቻት፣ አንድ ነገር ስትፈልግ ነበር። የፈለገችውንም አገኘች።

የሩጫው ቀን ካፊያ ነበር። ዝንጅብል ቢጫዋን ለብሳ መጣች፤ ካናቴራዋ ሰፋ ብሎ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ። ፉ ሊያን ፊት ቆመች፣ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፣ ዞረች።

"ጋሼ፣ ወገቤ እንዴት ነው?" አለችው እንደ ሌሎቹ።

ደስ አለው። ኩርፊያው ወጣላት ብሎ ትከሻዋን ከሌላው ጊዜ ጠንከር አድርጎ መታ አደረጋት። በእጁ ሥር ሁለት ድርብ ልብስ ተሰማው፤ ብርዱን ፈርታ ነው አለና አሳለፋት። ሰው ማመን የሚፈልገውን ነገር እጁም ያምንለታል።

ሮጡ። ከድልድዩ ሥር ደረሱ። በየቀለማቸው ተደረደሩ፤ ከዝንጅብል ጎን የጓንት ቦታ ላይ ሌላ አረንጓዴ ቆመበት። ፉ ሊያን ባንዲራውን አወጣና አንዱን ጫፍ ለሐምራዊዎቹ ሰጥቶ ሌላውን ይዞ ወደ መካከል መጣ። ፎቶ አንሺው ተዘጋጁ ሲል፣ ዝንጅብል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣችና ቢጫውን በራሷ ላይ ገልብጣ አውልቃ ጣለችው። ከሥሩ ነጭ ነበር። ነጩ ላይ በጥቁር ቀለም፣ በእጅ የተጻፈ፣ ከሩቅ የሚነበብ፣ "ኒንግ ቹንየን የት ናት?" ይላል።

ጓንት ስሟ ኒንግ ቹንየን መሆኑን ፉ ሊያን ያወቀው በዚያች ቅጽበት ነው። የሸፈነውም በዚያችው ቅጽበት ነው። አላሰበም፤ የዓመታት ልማድ እጁን ይዞ ወሰደው። ባንዲራውን ከሌላው ሰው እጅ መንጭቆ እየጎተተ ሮጠ፣ ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ ጠቀለላት፣ እንዳትፈታውም በሁለት ክንዱ ጥብቅ አድርጎ አቀፋት። ከኋላ ለነበረው ሰው የታየው ጋሼ ሾርባ ዝንጅብልን በቀስተ ደመና ጠቅልሎ ሲያቅፋት ነው። ከፉ ሊያን በቀር ጽሑፉን ያየ የለም፤ ፊቷ ወደ ካሜራው ነበር፣ ካሜራ የያዘውም አንገቱን ደፍቶ መስታወቱን ከካፊያው እየጠረገ ነበር። ቀና ሲል ያገኘው እቅፉን ነው። አነሳው። ሰዉ አጨበጨበ። አንዳንዱም አለቀሰ።

"ጋሼ" አለችው ከደረቱ ላይ ሆና፣ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ፣ ቀስ ብላ። "አንብበኸዋል?"

"ዝም በይ፣ ልጄ። ዝም በይ።"

"አንብበኸዋል ወይ ነው የምልህ።"

አብረዋቸው ሲሮጡ የነበሩ፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ብርቱካናማ የለበሱ፣ ማንም የማያውቃቸው ሁለት ጎልማሶች ከሰልፉ ወጥተው መጡ። እነሱም ፉ ሊያን ፊት እጃቸውን ዘርግተው ዞረው ነበር፤ ልብሳቸው ላይ ጽሑፍ አልነበረም። የደከመ ሯጭ እንደሚደግፉ ሁሉ በግራና በቀኝ ያዟት። ፉ ሊያን ክንዱን ላላ አደረገ። ማንም አላዘዘውም። ሰዎቹ ሲመጡ ልክ እንደ በር ጠባቂ ላላ አደረገና ለቀቃት። ከመንገዱ ዳር የቆመ መኪና ጋ ሲደርሱ አንደኛው ቢጫውን በላይዋ ላይ አለበሳት፤ ባንዲራውን በጥንቃቄ አጥፎ ይዞ ተመለሰ።

"ንብረታችሁ ነው" ብሎ ሰጠው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፉ ሊያን በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ወጣት ማንን እንደሚፈልግ ጠየቀው። ጓደኛዬን አለ። የጓደኛህ ስም? አለው። ፉ ሊያን አፉን ከፈተ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲኮራ የኖረው ይህን ባለማወቁ ነበር። ዝንጅብል ነው የምንላት ሲል ወጣቱ በክፋት ሳይሆን በእውነት ሳቀ፣ ከኋላው ያለውንም ጠርቶ አሳቀው። ወደ ኳንግ ደወለ፤ ኳንግ ስልኩን አላነሳም። በርበሬ አስጨምሮ የሚበላበት ወንበርም ከዚያ ቀን ወዲህ ባዶ ቀረ።

አንዲት ጠበቃ አገኘ፤ የማትፈራ ሴት። ሁሉንም ሰምታ፣ ስሟንና የአንድ የሥጋ ዘመዷን ፊርማ ካላመጣህልኝ የት አደረሳችኋት ብዬ መጠየቅ እንኳ አልችልም አለችው። ማኅበሩን ዞሮ ጠየቀ። እያንዳንዱ ሌላው ያውቃል ብሎ ነበር። መምህር የሚሉት ሽማግሌ ከመካኒኩ፣ መካኒኩም ከፎቶ አንሺው፣ ፎቶ አንሺውም ራሱ ከፉ ሊያን ይጠብቅ ነበር። የተከራየችው ክፍል በሌላ ሰው ስም ነው። ስልኳ በሌላ ሰው ስም ነው። ድምፅዋ በስንቱ ሕፃን ጆሮ ውስጥ ሲያነብ እየዋለ፣ የእሷ ነው የሚል ጽሑፍ የትም አልነበረም። ይህን ያህል በደንብ ደብቀዋት ነበር፤ ከሁሉም ሰው ደብቀው፣ ለሚፈልጋት ብቻ በማትገኝበት ስፍራ አስቀምጠዋት።

የጓንትን ስምማ አሁን ያውቀዋል። ለጠበቃዋ ሊነግራት ሦስት ጊዜ አስቦ ሦስቱንም ጊዜ ዋጠው። ያንን ስም ከአፉ ቢያወጣ ካናቴራውን አንብቤአለሁ ማለት ነው። ካነበበ ደግሞ ያውቃል፤ ካወቀ ይጠየቃል። አሁን አይደለም፣ ትንሽ ይብረድ አለ ለራሱ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ በጋው ሳይጋመስ በዓሉም ተዘጋ። ማስታወቂያውን ራሳቸው እንዲጽፉ ተደረገ፤ ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት የሚለው ሐረግ ብቻ ከላይ ተጽፎ መጣላቸው። በስልክ የሚጻጻፉበት ቡድንም ፈረሰ። ሰዉም ቅጽሉን ለወጠ፤ ዝንጅብል የሚለውን ስም እንኳ የሚያነሳ ሰው ጠፋ። ፉ ሊያን በዓሉን ለማዳን ብሎ ልጅቷን አስረክቦ፣ በዓሉንም አጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ጭር ማለት ጀመረች።

አዲሱ ዓመት ሲቃረብ፣ ቋሊማ በየበረንዳው ለመድረቅ በሚሰቀልበት ወራት፣ በአንድ የካፊያ ቀን አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ ገባች። የገጠር ከተማ ሴት ናት፤ ከረጢቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በግድግዳው በኩል ተቀመጠች። ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ሁለት ወንዶች እየበሉ ነበር። ንጹሕ ሾርባ አዘዘች። ፉ ሊያን አቀረበላትና ወደ ምድጃው ሊመለስ ሲል፣ የሴትዮዋን እጅ አየ። በመብያ እንጨቷ ዝንጅብሉን አንድ በአንድ እየለቀመች የሳህኑ ከንፈር ላይ ትደረድራለች። ትንሿን ቁራጭ እንኳ አላለፈችም።

ጭልፋውን እንደያዘ ፊት ለፊቷ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

እሷም ልትበላ እንዳልመጣች ያን ጊዜ ገለጸችለት። ከረጢቷን ፈታ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ አወጣች። የአክስቷ ልጅ ስልክ ላይ ተገኝቶ የታተመ ነው። ከድልድዩ ሥር፣ በካፊያው፣ አንድ ሰውዬ አንዲት ልጅ በባለቀለም ጨርቅ ጠቅልሎ አቅፏል፤ ከኋላ ሰው ያጨበጭባል። ልጇ በስልክ ስለ አንድ ሾርባ ሻጭ ታጫውታት ነበር አለች፤ ዩሊን ሰፈር ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ዝንጅብል ግን ያበዛል ትል ነበር። ዛሬ ጠዋት ፎቶውን ይዛ ሰፈሩን ስትዞር የመጀመሪያው የጠየቀችው ሰው ይህን ቤት አመለከታት።

ፉ ሊያን ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጠበቃ እንዳለው፣ የጎደለው ስምና ፊርማ ብቻ እንደሆነ ነገራት።

"ስሟን ይንገሩኝ እናቴ። ስሟን ብቻ።"

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። "ፈርሜያለሁ ወንድሜ። ለማንም አልናገርም ብዬ ፈርሜያለሁ። ዝም ካልኩ ለአዲሱ ዓመት አንድ ቀን ያሳዩኛል። እነሱ ጠበቃ መድበውላታል።" ፎቶውን በጣቷ ዳበስ ዳበስ አደረገችው። "ደግሞ አንድ ነገር ብለውኛል። እውነተኛ ጓደኞች ቢሆኑ ስሟን ባወቁ ነበር አሉኝ።"

ዝም ካልኩ የሚለው ነገር የራሱ ነበር፤ ከራሱ አፍ ወጥቶ፣ አገር ዞሮ፣ በዚህች ሴትዮ አፍ ተመልሶ መጣበት። ተሳስተሻል እንዳይላት እሱም ለአንዲት የበዓል ቀን ብሎ ከእሷ የባሰ አድርጓል።

"እናንተ ምን ብላችሁ ነበር የምትጠሯት?" አለችው።

"ዝንጅብል።"

ሴትዮዋ የሳህኑን ከንፈር አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፊቷ ግን እሺ አላላትም። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዝንጅብል ባየች ቁጥር አፏን ከድና እንዳስቸገረቻት፣ እሷም ከእኔው ነው የወረሰችው እያለች አባቷን ታስቀው እንደነበር አወራችው። ከዚያ ፎቶውን ወደ እሱ አዞረችና የመጣችበትን ጠየቀችው።

"ልብሷ ላይ የጻፈችው ነገር አለ ይላሉ። ምን እንደሆነ አይነግሩኝም። ፎቶው ላይ እንዳላየው ጨርቁ ከልሎታል። የተመደበው ጠበቃ እንኳ አይመለከትሽም አለኝ። ልጄ በምን ቃል እንደታሰረች ልወቅ። ቅርቧ የነበርከው አንተ ነህ። ምን ይላል?"

በሩ አጠገብ ያሉት ሁለቱ ወንዶች መብላታቸውን ጨርሰዋል፤ ግን አልተነሱም። ሥራቸው ይህ ይሁን፣ ወይ ካፊያው እስኪያባራ እየጠበቁ ይሁን፣ ፉ ሊያን አላወቀም። ከአራት ቃል አይበልጥም የሚነግራት። ኒንግ ቹንየን የት ናት። ይህን ከምድር ላይ ያነበበው ከሳሾቹና እሱ ብቻ ናቸው፤ ልጅቷ በአደባባይ ልትለው ወጥታ፣ እሱ ደረት ላይ ቀረ። ቢነግራት እናትየዋ ትደግመዋለች፤ ብትደግመው የአዲሱ ዓመት ቀኗን ታጣለች። ለእሷ ብዬ ነው የምደብቀው አለ በልቡ። ያን ጊዜም ለሌሎች ብሎ ነበር። ሁልጊዜም ለሌላ ሰው ነው።

"አላየሁም" አላት።

ሴትዮዋ ፎቶውን በፕላስቲኩ መልሳ ጠቀለለችው።

"ያም ቢሆን አመሰግናለሁ" አለችው። "ፀጉሯ እርጥብ ነው። ልጄ ብርድ አትችልም፣ ቶሎ ደረቷን ያማታል። ይህን አውቀህ አለበስካት። ያጨበጨቡት ሁሉ ቆመው ሲያዩ አንተ ብቻ ነህ የደረስክላት።" ከከረጢቷ አንድ ማሰሮ የቤት ጎምዛዛ አትክልት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ የልጄ ውለታ ነው ብላ ተነስታ ወጣች።

ፉ ሊያን ሳህኑን ለማንሳት እጁን ዘረጋ። ዝንጅብሉ በሥርዓት ተደርድሯል። አንብበኸዋል ወይ ነው የምልህ። ሳህኑን ትቶ፣ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ነገር ሳያስበው አንስቶ ሮጠ። ሴትዮዋ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደርሳ ነበር። ደረሰባት። ትንፋሹ ተቆራረጠ። የጓንት ስም ምላሱ ላይ ነበር፤ ሙሉውን፣ ሳይሸረፍ፣ በጥቁር ቀለም እንደተጻፈው። ማቆሚያው ላይ ሰዎች ቆመዋል፤ አንዲት ተማሪ ስልኳን ታያለች፣ አንድ ሽማግሌ ይስላል፣ ከምሰሶው ላይ ካሜራው ቁልቁል ያያል።

"ምነው ወንድሜ?" አለችው።

አፉን ከፈተ። ከዚያ እጁ ውስጥ ያለውን ነገር አየ፤ ጥላው ነበር።

"ካፊያ ነው" አላት። "እንዳይበሰብሱ።"

ዘርግቶ ከራሷ በላይ ያዘላት፤ እሷም እጀታውን ተቀበለችው። ልጄ እውነቷን ነው፣ ጥሩ ሰው ነህ አለችው። አውቶቡሱ መጣ፣ ጥላውን አጥፋ ገባች፣ ሄደች።